ሕመምዎን ማን ያውቃል?

እየሩስ ስኳር እንዳለባት የተነገራት በቻይንኛ ነበር። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ቻንግሻ በምትባል የቻይና ከተማ በነፃ የትምህርት ዕድል የጤና ትምህርት ትከታተል ነበርና፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች ሳምንት ሙሉ ውሃ አልጠግብ ብላ ሰነበተች፤ ከዚያ አንድ ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች። ስትነቃ አንዲት ነርስ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነርሷ ፊደል እንደምታስቆጥር ሴት ቀስ ብላ የበሽታውን ስም ሦስት ጊዜ ደገመችላት። ኢንሱሊን እንዴት እንደሚወጋ፣ ስኳር ሲወርድ እጅ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ፣ ጫማ ከማድረግ በፊት ውስጡን ለምን መዳበስ እንደሚያስፈልግ፣ ሁሉንም የተማረችው ከዚያች ሴት፣ በዚያ ቋንቋ ነው። ከዚያ ወዲህ አስራ ስምንት ዓመት አልፏል። ዛሬም መርፌውን ወግታ እስከ አስር የምትቆጥረው በቻይንኛ ነው። በአማርኛ ግን "ስኳር አለብኝ" ብላ ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር። ለእናቷም ቢሆን።

ለእናቷ ያልነገረችው ያለ ምክንያት አይደለም። የእናቷ የወይዘሮ ጽዮን ታናሽ እህት ዓለም፣ ጉለሌ እነሱ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ ስኳር ይዟት ማቅቃ፣ መጀመሪያ ጣቷን፣ ቀጥሎ እግሯን ተቆርጣ ነው የሞተችው። እየሩስ ያኔ የአስር ዓመት ልጅ ነበረች። ከቀብር መልስ እናቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች "ስኳር ጠላቴንም አይያዘው" ስትል ሰምታለች። እንግዲህ ከቻንግሻ ሆስፒታል በወጣች ማግስት ስትደውል፣ እናቷ "ድምፅሽ ምነው ደከመ?" ብትላት "ጉንፋን ነው" አለች። ጉንፋኑ አስራ ስምንት ዓመት ቆየ።

ሮም የመጣችው ለሁለተኛ ዲግሪ ነበር። ትምህርቱን ጨርሳ በሙያዋ ሥራ ስታጣ፣ እንደ ብዙዎቹ የአገሯ ልጆች ባዳንቴ፣ የአረጋውያን አስታማሚ፣ ሆነች። ፒያሳ ቦሎኛ አካባቢ አንዲት አሮጊት እያጠበች፣ እያበላች፣ እያስተኛች ዘጠኝ ዓመት አገለገለች። በዚያ መሃል ሁለት ጊዜ አገር ቤት ገብታለች። ሁለቱንም ጊዜ ኢንሱሊኑን እናቷ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ፈርታ፣ "የዓይን ጠብታ ነው" ብላ ሰፈር ያለው ባለሱቅ ኪዳነ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችው። በየምግቡ ሰዓት መርፌዋን ልትወጋ፣ ክብሪት ልግዛ፣ ሳሙና ልግዛ እያለች ትወጣለች። ወይዘሮ ጽዮን "ይቺ ልጅ ሮም ሱቅ የለም እንዴ?" እያሉ ይስቁ ነበር። ከዚያ አሮጊቷ ሞተች፣ ኮንትራቱ አለቀ፣ ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ እድሳት ገባ። አንዴ ወረቀት፣ አንዴ የሥራ ነገር፣ አንዴ የአገሩ ሁኔታ እያለ፣ እናቷን በአካል ካየቻት አምስት ዓመት ሞላው። የምትኖረው ቼንቶቼሌ ሰፈር፣ ከእትዬ ኣስገደት ጋር አንድ አፓርታማ ተካፍላ ነው። እትዬ ኣስገደት አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ከሆቴል ጽዳት ሥራ ጡረታ የወጡ፣ የሰው ገበና የማይነካኩ ሴት ናቸው።

መጠይቅ ወደ መተርጎም ሥራ ያስገባት አንድ አጋጣሚ ነው። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙ በማይርቅ ሆስፒታል የስኳር ክትትል ታደርግ ነበር። አንድ ጠዋት ተራዋን ስትጠብቅ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ላይ በጣሊያንኛ ይጮኻል። ሰውየው አልገባቸውም። ሠራተኛው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር የሚገባቸው መስሎት ነው መሰል ይባስ ጮኸ። እየሩስ ተነስታ ሄደችና በቻይንኛ፣ "ለምርመራ ደም የሚሰጡት ከመብላትዎ በፊት ነው፤ ዛሬ በልተዋል ወይ ነው የሚልዎት" አለቻቸው።

ሽማግሌው መጀመሪያ ሌላ ቻይናዊት ፍለጋ ከኋላዋ ተመለከቱ። ከዚያ እሷን።

"ይህን ቋንቋ ከየት አመጣሽው?"

"ከቻንግሻ።"

"እነሱማ ሁሉን በበርበሬ ነው የሚበሉት" አሉና ሳቁ። አቶ ሊን ይባላሉ። ቺንግቲየን ከምትባል ተራራማ የቻይና አውራጃ ከሠላሳ ዓመት በፊት መጥተው፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ቁልፍና ዚፕ የሚሸጡ ሰው ናቸው።

የክሊኒኩ ኃላፊ ዶቶሬሳ ቤላርዲ በር ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አይታ ነበር። ሦስት ሳምንት ቆይታ እየሩስን አስጠራቻት። "የስኳር ሕሙማን በበሽታው ምክንያት ምን ያህል እንደሚታክታቸው፣ እንደሚጨነቁ፣ ብቸኝነት እንደሚሰማቸው የምንለካበት መጠይቅ አለን" አለቻት። "አስራ ስምንት ጥያቄ ነው። ለቻይንኛ ተናጋሪ ታካሚዎቻችን ልናዘጋጀው እንፈልጋለን። ሹፈን የምትባል እዚሁ ሮም የተወለደች የቻይናውያን ልጅ አለችን። አንቺ ደግሞ የጤና ትምህርት አለሽ፣ ቋንቋውን ታውቂያለሽ። በሽታውንም ታውቂዋለሽ።"

እየሩስ የመጨረሻውን ቃል እንዳልሰማች ሆና "ቫ ቤኔ" ብላ ተስማማች።

ሥራው እንደሚመስለው አልነበረም። ሁለቱ ሴቶች ለየብቻ ተረጎሙ፣ ተቀምጠው አስታረቁ፣ ሌላ ሰው መልሶ ወደ ጣሊያንኛ አመጣው። ከመጀመሪያው ጋር ሲያስተያዩት አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ፊቱ ተለውጦ ተመልሷል። ከሁሉ ያስቸገራቸው የመጠይቁ ዋና ቃል ነበር። መጀመሪያ "ሥቃይ" የሚል ትርጉም ያለው ቃል መርጠው ለታካሚዎች አሳዩ። አንዲት የምግብ ቤት ወጥ ቤት ወረቀቱን መለሰችላቸው። "ሥቃይ የለብኝም። ምንም አያመኝም።" "ጭንቀት" የሚለውን ሲያሳዩ ደግሞ፣ "ጭንቀትማ የሱቅ ኪራይ ነው፤ ስኳር ምን ያስጨንቃል?" የሚል መጣ። ቃሉን በመጨረሻ የሰጧቸው አቶ ሊን ናቸው። ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ መርፌው፣ ሲበሉ ስለ መቁጠር ሲያወሩ ቆይተው፣ ደረታቸውን በመዳፋቸው መታ አድርገው "ሺን ሌይ" አሉ። ልቤ ደክሟል ማለት ነው።

እየሩስ ያን ቀን ወደ ቤቷ በትራም ስትመለስ ቃሉን በአማርኛ ልትለው ሞከረች። ልብ ድካም። ለብቻዋ ሳቋ መጣ። እናቷ "ልብ ድካም" የሚል ቃል ብትሰማ ኡኡ ብላ ጎረቤት ትጠራለች። ሌላ ፈለገች። ታከተኝ። ሆዴን ባር ባር አለው። ሰለቸኝ። ሁሉም የሚገልጸው አንድ ጎኑን ብቻ ነው። አስራ ስምንት ዓመት የኖረችበትን ነገር በእናቷ ቋንቋ የምትጠራበት አንድ ቃል እንኳ እንደሌላት ያን ዕለት ገባት። ሳቋ ቶሎ ጠፋ።

ቀጣዩ ሥራ ከአስር ታካሚዎች ጋር አንድ በአንድ መቀመጥ ነበር። ታካሚው ያነባል፣ ከአንድ እስከ አምስት ካለው ቁጥር አንዱን ያከብባል፤ እሷ "ይህን ሲያነቡ ምን አሰቡ?" ብላ ትጠይቃለች። አንድ ማለት "ምንም ችግር አይደለም" ነው፤ አምስት ማለት "እጅግ ከባድ ችግር"። አቶ ሊን ኅዳር ውስጥ፣ ዝናብ በሚጥልበት ቀን፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። አስራ አንደኛው ጥያቄ ጋ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው አላመነታም። ጥያቄው "ቤተሰቦቼ በሕመሜ በኩል የምፈልገውን ያህል ከጎኔ አይደሉም" የሚል ነው። አንድን አከበቡ።

"ሲያከብቡ ምን አሰቡ?"

"ምንም።"

"ማንን አሰቡ?"

"ባለቤቴን።"

"እሷ ስለ ሕመምዎ ምን ትላለች?"

"ምንም አትልም።"

"ለምን?"

"አታውቅማ።"

እየሩስ ብዕሯን አስቀመጠች። ሰውየው መስኮቱን እያዩ ነገሯት። ሚስታቸው የልጅ ልጃቸውን ልታሳድግ፣ አሮጊት እናታቸውንም ልታስታምም ወደ ቺንግቲየን ከተመለሰች አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ስኳሩ የተገኘባቸው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ፣ እዚያ ሲመሽ፣ በስልክ ይተያያሉ። ባለፈው ክረምት እግራቸው ቆስሎ ሁለት ወር በፋሻ ታስሮ ሳለ፣ ስልኩን ከፍ አድርገው ፊታቸውን ብቻ ያሳዩዋት ነበር።

"ታዲያ እንዴት ብዬ ከጎኔ አይደለችም ብዬ እጽፋለሁ?" አሉ። "እሷ ምን አጠፋች? ያላወቀ ሰው አይወቀስም። ችግር አይደለም፤ አንድ ነው።"

እየሩስ ወረቀቱን አየችው። በዚያ ወረቀት መሠረት አቶ ሊን ከክሊኒኩ ታካሚዎች ሁሉ ይበልጥ ቤተሰባቸው የሚደግፋቸው ሰው ናቸው። ከአስሩ ውስጥ ሌሎች ሦስትም እንዲሁ አንድን አክብበው ነበር። ሁሉንም ጠየቀቻቸው። ሁሉም ደብቀዋል።

ስብሰባው ላይ ይህን ስታነሳ ዶቶሬሳ ቤላርዲ አልተስማማችም። ክፉ ሰው ሆና ሳይሆን፣ ሥርዓት የምትወድ ሴት ስለሆነች ነው።

"ጥያቄው ገብቷቸዋል፣ መልሰዋል" አለች። "እኛ የምንፈትሸው ይህንን ነው።"

"ዶቶሬሳ፣ እነዚህ ሰዎች ብቻቸውን ናቸው። ወረቀቱ ግን ደህና ናቸው ይላል።"

"አሎራ፣ ምን እናድርግ? አስራ ዘጠነኛ ጥያቄ መጨመር አንችልም። ነጥቡ ከሌላ አገር ነጥብ ጋር የሚነጻጸር ነው።"

"ነጥብ አይኑረው" አለች እየሩስ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮክ አለ። "ከመጠይቁ በፊት፣ ከላይ፣ አንድ መስመር ብቻ ይግባ። ሕመምዎን ማን ያውቃል? በቃ። መልሱን ያየ ሐኪም አስራ አንደኛውን እንዴት እንደሚያነበው ያውቃል።"

ሹፈን ቀና ብላ "የእኔ አያትም ይህን ብትጠየቅ መልስ አይኖራትም ነበር" አለች። ዶቶሬሳ ቤላርዲ መነጽሯን አውልቃ እየሩስን ትንሽ አየቻት።

"ይህ ሐሳብ ከየት መጣልሽ?"

"ከታካሚዎቹ" አለች እየሩስ። ውሸት አልነበረም።

መስመሩ ገባ። የታረመውን ቅጂ ይዛ ከአቶ ሊን ጋር ድጋሚ የተቀመጠችው የካቲት ላይ ነው። ሰውየው የላይኛውን ጥያቄ አነበቡና በጣታቸው ቆጠሩ። "ዶቶሬሳዋ። ፋርማሲው። አንቺ።" አራተኛው ጣት በአየር ላይ ቀረ። ይህን ጊዜ የእየሩስ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ቶሎ ብላ አጠፋችው።

"ያ ድምፅ የእኔም ስልክ ያወጣዋል" አሉ አቶ ሊን። "ወረደብሽ ወይስ ወጣብሽ?"

ክንዷ ላይ የተለጠፈውን የስኳር መለኪያ ሁልጊዜ በረጅም እጅጌ ትሸፍነዋለች። አሁን መሸፈኑ ዋጋ አልነበረውም። "ወጣብኝ" አለች።

"ያንቺንስ ማን ያውቃል?"

"ዶቶሬሳዋ" አለች፤ "ፋርማሲው" አለች፤ ቀጥሎ ራሷም ገርሟት "እርስዎ።"

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ብዙ አልሄደም።

"እናት አለችሽ?"

"አለች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው።"

አቶ ሊን እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ጎን አስተካክለው አስቀመጡ። "የእኔ እናት ባለፈው ዓመት ሞተች። ቀብሯን ያየሁት በስልክ ነው፤ የልጅ ልጄ ይዞልኝ፣ እጁ እየደከመው፣ አንዳንዴ ሰማዩን ብቻ እያሳየኝ። መጀመሪያ የደበቅኩት እሷ እንዳትጨነቅ ብዬ ነበር። ባለቤቴ ካወቀች እናቴም ታውቃለቻ። አሁን ለማን ብዬ እንደምደብቅ አላውቅም።" እስክሪብቶውን መልሰው አነሱ። "ለመደብኝ ብቻ።"

ከዚያ አስራ ስምንቱን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ሞሉ። አስራ አንደኛው ላይ አሁንም አንድን አከበቡ። እሷም አልተከራከረቻቸውም።

በማግስቱ እሁድ ነበር። እየሩስ ከቅዳሴ ስትመለስ ቤት አልገባችም፤ ቪላ ጎርዲያኒ መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ እናቷ ጋ በኢሞ ደወለች። ቃሉን መንገድ ላይ ተለማምዳዋለች። ሁለት ቃል ነው።

"እማዬ፣ ስኳር አለብኝ።"

መስመሩ ተንኮሻኮሸ። "ምን አልሽ? ስኳር? ውይ፣ እዚህማ ስኳር ተወደደ እኮ ልጄ! እዚያም ተወደደ እንዴ?"

ድጋሚ ማለት ከመጀመሪያው ይልቅ ከበዳት። "አይደለም እማዬ። ስኳር ይዞኛል። እንደ እትዬ ዓለም።"

"መቼ?"

"ቻይና ሳለሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ።"

"ያኔ ጉንፋን ነው ያልሽኝ ጊዜ?"

እየሩስ እናቷ ያንን ቀን ታስታውሳለች ብላ አልጠበቀችም። "አዎ" አለች።

"እዚህ ስትመጪስ? ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ስትተኚስ?"

"ያኔም ነበረብኝ።"

"መድኃኒትሽን የት አስቀመጥሽው?"

"ኪዳነ ሱቅ። ፍሪጁ ውስጥ። የዓይን ጠብታ ነው ብዬው ነበር።"

"ኪዳነ ፍሪጅ" አሉ ወይዘሮ ጽዮን ቀስ ብለው። "ባለሱቅ ቤት ያደረ የልጄ መድኃኒት እኔ ቤት ማደሪያ አጣ?" ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ብትደውል አልተነሳም። በሦስተኛውም፣ በአምስተኛውም ቀን አልተነሳም። እናቷ ደህና እንደሆነች ከጎረቤት አረጋግጣለች፤ ስልኩን አለማንሳት ፈልጋ ነው። በሰባተኛው ቀን እየሩስ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ልትከትፍ ተቀምጣ ሽንኩርቱን ሳትነካ አለቀሰች። እትዬ ኣስገደት ገብተው አዩዋትና ወንበር ስበው ተቀመጡ። እየሩስ ለሁለተኛ ጊዜ በአማርኛ ተናገረችው። በዚህኛው ጊዜ ቀለል አላት።

"አሎራ፣ እዚህ ፍሪጃችን ውስጥ ያለውን እኔ ያላወቅኩ ይመስልሻል?" አሉ እትዬ ኣስገደት። "ያ ፍሪጅ ከኋላ በረዶ ይይዛል። መድኃኒትሽን ከኋላ ባገኘሁት ቁጥር ወደ ፊት አመጣዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ።"

"ለምን አልጠየቁኝም?"

"ያልነገርሽኝ ልትነግሪኝ ስላልፈለግሽ ነው ብዬ። እኔ ደግሞ እናትሽ አይደለሁም።" እጇን በእጃቸው ያዙ። "እናትሽ ተቆጥታ አይደለም የኔ ልጅ። ያመለጧትን ዓመታት እየቆጠረች ነው። ተያት፣ ትቁጠር።"

በአስረኛው ቀን ወይዘሮ ጽዮን ራሳቸው ደወሉ። ሰላምታ አላስቀደሙም።

"መጀመሪያ የነገረሽ ሰው ማን ነበር?"

"ነርስ ናት። ስሟ ው ነው።"

"ልጆች ነበሯት?"

"አንዲት ሴት ልጅ።"

"እህ። ስትነግርሽ እጅሽን ይዛሽ ነበር?"

እየሩስ ዓይኗን ጨፈነች። የነርሷ እጅ ትዝ አላት፤ ደረቅ፣ ሞቃት፣ የሳሙና ሽታ ያለው። "ይዛኝ ነበር።"

"እግዜር ይስጣት" አሉ ወይዘሮ ጽዮን። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። "እኔ ነበርኩ መያዝ የነበረብኝ። እኔ ነበርኩ።" ስልኩ ውስጥ ለብዙ ጊዜ አለቀሱ፤ እየሩስም አለቀሰች፤ ማንም ማንንም አላጽናናም። ሲወጣላቸው ወይዘሮ ጽዮን አፍንጫቸውን ተናፍጠው፣ "በይ አሁን ያንን ዓመት ንገሪኝ" አሉ። "የመጀመሪያውን ብቻ። ሁሉንም በአንድ ቀን አልችልም።"

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። በየእሁዱ አንድ ዓመት። እየሩስ ትነግራለች፣ እናቷ ትሰማለች። ዶርም ውስጥ ጓደኞቿ ሲተኙ ብርድ ልብስ ስር እየተወጋች ያሳለፈችውን። ሮም በመጣች ዓመት ፋርማሲ ገብታ "ኢንሱሊን" የሚለውን ቃል ለመናገር ሦስት ጊዜ ከበር የተመለሰችበትን። አሮጊቷን ስታጥብ ስኳሯ ወርዶ ገንዳው ጠርዝ ላይ የተቀመጠችበትን፣ አሮጊቷ እርጥብ እጇን ዘርግታ ግንባሯን የዳበሰችበትን። ቃል ሲያጥራት እናቷ ታቀብላታለች። "ዓለም 'ጉልበቴ ውሃ ሆነ' ትል ነበር፤ እንደዚያ ነው?" "አዎ እማዬ፣ እንደዚያ ነው።" ስለ ዓለም ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ትንፍሽ ያላሉት ሴት፣ አሁን በየእሁዱ ትንሽ ትንሽ ይነግሯት ጀመር። አክስቷ እግሯን ካጣች በኋላ አልጋ ላይ ሆና ሹራብ ትሠራ እንደነበር፣ ዘፈን እንደምትወድ፣ አንድ ቀን ተናዳ የመርፌውን ዕቃ አጥር ላይ እንደወረወረችው። እየሩስ ይህንን ስትሰማ እናቷን ማየት እንደ ረሃብ ያማት ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ለረጅም ጊዜ ባለችበት ትቀመጣለች።

ግንቦት ላይ በፒያሳ ቪቶሪዮ በኩል ስታልፍ የአቶ ሊን ሱቅ መጋረጃው ወርዶ፣ "የሚከራይ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበት አገኘች። ክሊኒክ ሄዳ ጠየቀች። ሰውየው ጠቅልለው ወደ አገራቸው ገብተዋል። ከመሄዳቸው በፊት መጥተው የሕክምና ታሪካቸውን ሹፈን በቻይንኛ እንድትጽፍላቸው ለምነው፣ በሁለት ገጽ ወስደዋል።

"ለሐኪም ነው ወይስ ለሚስታቸው?" አለች እየሩስ።

"አልጠየቅኳቸውም" አለች ሹፈን። "ፊደሉን ግን ተለቅ አድርጊው አሉኝ።"

እየሩስ ሳይሰናበቱ መሄዳቸው ከፋት። በዚያ ቋንቋ ከሥራ ጉዳይ አልፋ የምታወራው ሌላ ሰው ሮም ውስጥ አልነበራትም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ቺንግቲየን መሽቶ ሁለት ሽማግሌዎች ራት ሲቀርቡ በሐሳቧ ታያለች። ወረቀቱ ከኪስ ወጥቶ ይሁን አይሁን ግን ማየት አትችልም።

የቻይንኛው መጠይቅ ሰኔ ላይ አለቀ። መቶ ሃያ ሰው ሞላው። ከመቶ ሃያው ውስጥ ሠላሳ ስምንቱ የላይኛው መስመር ላይ ከሐኪማቸው በስተቀር ማንንም አልጻፉም። ዶቶሬሳ ቤላርዲ ያንን ቁጥር ካየች በኋላ ለእነዚያ ሠላሳ ስምንት ሰዎች በየወሩ አንድ ከሰዓት ተሰብስበው የሚቀመጡበት ክፍል አስፈቀደች። እየሩስንም በኮንትራት ቀጠረቻት። ኮንትራቱ ፔርሜሶዋን ያሳድስላታል። ፔርሜሶው ሲወጣ ለገና በዓል አገር ቤት እገባለሁ ብላለች፤ ወይዘሮ ጽዮንም ኪዳነ ሱቅ በኩል እንዳታልፍ አስጠንቅቀዋታል።

ሐምሌ ላይ፣ አስራ አምስተኛውን ዓመት በምትናገርበት እሁድ፣ ፖርታ ማጆሬ ትራም ማቆሚያው ጋ ቆማ ነበር። ሙቀቱ አስፋልቱን አልፎ ጫማዋ ውስጥ ይገባል። ስትናገር ምላሷ ከበዳት። ስልኳን ስታይ ሃምሳ ስምንት ይላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን "እማዬ መልሼ እደውላለሁ" ብላ ትዘጋው ነበር።

"እማዬ፣ ስኳሬ ወርዷል" አለች። "ሃምሳ ስምንት ነው።"

"ወይኔ ልጄ! ምን ላድርግ?"

"ምንም። ስልኩን አትዝጊው ብቻ።"

ከቦርሳዋ ጭማቂ አውጥታ ጠጣች፤ ቀጥላ የጥንቱ የድንጋይ በር ጥላ ስር ተቀመጠች። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ላቡ በጀርባዋ ይወርዳል። ወይዘሮ ጽዮን ከዚያ ወዲያ ምንም አልተናገሩም። ስልኩ ውስጥ ትንፋሻቸው ይሰማል፤ ከትንፋሻቸው ጀርባ የጉለሌው ቤት። አንድ ሰው በር ይዘጋል፤ በርሜል ውስጥ ውሃ ይወርዳል፤ ሩቅ ተሳፋሪ የሚጠራ የታክሲ ረዳት ይጮኻል። እየሩስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ ያንን ሁሉ ሰማች።

"አሁንስ?"

"ስልሳ ሦስት።"

ትራም መጥቶ ቆመ። በሩ ተከፈተ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፣ በሩ ተዘጋ።

"አሁንስ?"

"ሰባ ሰባት። እየወጣ ነው።"

"ተመስገን" አሉ ወይዘሮ ጽዮን። ትንፋሻቸው ረዘም ብሎ ወጣ። "የቅድሙ ድምፅ ምን ነበር? ትራሙ ነው? ጥሎሽ ሄደ?"

"ሄደ። ሌላ ይመጣል።"

"እንግዲያው አትነሺ። እኔም እዚሁ ነኝ፤ ቁጭ በዪ።"

እየሩስ ቁጭ አለች።